ናይሎንን ለዓለም ያበረከቱት ኬሚስት ዋላስ ካሮተርስ

ከጥርስ ብሩሽ እስከ ዓሣ ማጥመጃ መረብ የሚያገለግለውን ናይሎን ለዓለም ያበረከቱት አሜሪካዊው ኬሚስት ዋላስ ሂዩም ካሮተርስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአዮዋ ግዛት በርሊንግተን ከተማ ተወለዱ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1924 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካገኙ በኋላ በሃርቫርድ አስተምረዋል። በ1928 ደግሞ መምህርነቱን ትተው በዴላዌር ግዛት በሚገኘው የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የምርምር ቡድን መሪ ሆኑ።

በዚያን ወቅት ፖሊመር የሚባሉት ቁሶች እንደ ሰንሰለት ከተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠሩ መሆናቸው ገና ያከራክር ነበር። ካሮተርስ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ደረጃ በደረጃ በመቀጠል ሰንሰለቱን ራሳቸው ሠርተው አሳዩ።

በ1930 የቡድኑ አባል ጁሊያን ሂል ከቀለጠ ፖሊስተር ክር ስበው አወጡ። ክሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲለጠጥ ሰንሰለቶቹ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሰደሩ እንደ ሐር ያብረቀርቅና ይጠነክር ነበር። ይሁን እንጂ ደስታው አልዘለቀም። ክሩ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጥ ስለነበር ካውያ የሚችል ልብስ ሊወጣው አልቻለም። ሰንሰለቶቹ በቀላሉ የሚተጣጠፉ፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይልም ደካማ ነበር።

ካሮተርስ ሥራውን አቋርጠው ቆዩ። በ1934 በኃላፊያቸው በኤልመር ቦልተን ግፊት ሲመለሱ ፊታቸውን ወደ ፖሊአሚድ አዞሩ። የአሚድ ክፍሎች ከጎረቤት ሰንሰለት ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዙ፣ ይህን ለማላላት ብዙ ሙቀት ያስፈልጋል። ክፍሎቹ በተራራቁ ቁጥር መቅለጫው በአብዛኛው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የሰንሰለቱን አሠራር መምረጥ መቅለጫውን እንደ መምረጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 1935 የተሠራው ናይሎን 6,6 የቀለጠው በ265 ዲግሪ ገደማ ነው። ካሮተርስ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቀልጠውን ሌላ ዓይነት ቢመርጡም፣ ቦልተን ጥሬ ዕቃው ከድንጋይ ከሰል ተረፈ ምርት በሚገኘው 6,6 ጸኑ። ውሳኔያቸው ትክክል እንደነበር ገበያው አረጋግጧል።

ካሮተርስ በ1936 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ። ለረጅም ዓመታት በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሲሠቃዩ የኖሩት ሳይንቲስት በኤፕሪል 1937፣ በ41 ዓመታቸው፣ በፊላደልፊያ ከተማ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የናይሎን የሴቶች ስቶኪንግ በመላው አሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1940 ነበር።

እርሳቸው የተዉት ፖሊስተርም ተስፋ የሌለው አልነበረም። በ1941 እንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን በሰንሰለቱ ውስጥ ቀለበት ቅርጽ ያለው ሞለኪውል በማስገባት ግትር አደረጉት፤ መቅለጫውም ወደ 260 ዲግሪ ከፍ አለ።