ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ዘግይቶ ተነሥቶ የቀደመ

ሰው በልጅነቱ ያልጀመረውን ሥራ በኋላ ቢጀምረው አይሳካለትም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች የምንማር ተማሪዎችም ይህን አነጋገር ደጋግመን እንሰማዋለን። ከመካከላችን ከብት ሲጠብቅ ወይም አባቱን በእርሻ ሲረዳ ቆይቶ ከእኩዮቹ ዘግይቶ ትምህርት ቤት የገባ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ታላቅ ሆኖ ሲገኝ ያፍራል፤ አንዳንዱም እፍረቱ ጠንቶበት ትምህርቱን ይተዋል። የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ለእንዲህ ያለው ጓደኛችን ይጠቅመው ይሆናል ብዬ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። ገና፣ አንባቢዎች እንደምታውቁት፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው እሩሯን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ግብ የሚነዱበት ጨዋታ ነው። በሁለቱ ግቦች መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ስለሚሆን፣ ጉልበት ብቻ ያለው ተጫዋች ቶሎ ይደክማል፤ ትንፋሽ ያለው ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይህ የሜዳ ጨዋታ ለኋለኛው ሩጫው ሳይረዳው አልቀረም።

አበበ ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥነው ጀመር። የመጀመሪያውን ማራቶን ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ የሮም ኦሊምፒክ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከጊንጪ እስከ አምቦ ካለው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ብዙ ሰዎች አበበ ወደ ሮም የሄደው በጉዳት በቀረው በዋሚ ቢራቱ ፋንታ፣ በመጨረሻው ሰዓት በአጋጣሚ ተመርጦ ነው ይላሉ። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት በአዲስ አበባ ባደረገው ሁለተኛ ማራቶን 42ቱን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጽሟል። ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ያስመዘገበው ጊዜ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበር። እንግዲህ አበበ ቢዘገይም ተዘጋጅቶ የሄደ ሰው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሮም ማራቶን የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። አበበ የሚስማማው ጫማ ስላላገኘ በባዶ እግሩ ሮጠ። በአገራችን ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በሚበራበት በዚያ ምሽት፣ በሮምም ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው ገደማ ከአበበ አልተለየም። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ በዚያው ከተማ ቆሞ ነበርና፣ ሩጫው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር አበበ በሐውልቱ በኩል አልፎ ተፎካካሪውን ጥሎ ሄደ። በ25 ሴኮንድ ቀድሞም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀት ታሞ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በቀዶ ጥገና ታከመ። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ሁለተኛውንም በአራት ደቂቃ ያህል ቀደመው። ሌሎቹ እስኪመጡ ድረስ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ድሉ ለጓደኛው ለማሞ ወልዴ ሆነ፤ ኢትዮጵያም ማራቶንን ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደች። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ማታ አበበ መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠበት። ዓለምን የቀደሙት እግሮቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቆሙም።

ሰው ሁሉ የአበበ ነገር አለቀ ባለበት ጊዜ እርሱ እንደ ገና ጀማሪ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም እጆቹ ተሻሉት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ፤ በአካል ጉዳተኞችም ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ በ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በረዶ በማያውቀው በሸዋ ደጋ ገና ሲጫወት ያደገ ልጅ ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ብዙ ሺህ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እኔ ከዚህ ታሪክ አብልጬ የማስበው የሮምን ድል አይደለም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ፣ በ37 ዓመቱ፣ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ፣ ቀስት አያያዝ ለመማር እንደ ሕፃን ሀ ብሎ መጀመሩ ነው። አበበ ጀማሪ መሆንን አላፈረበትም። እንግዲህ ከክፍላችን በኋለኛው ወንበር የምትቀመጥ ታላቅ ወንድማችን ሆይ፣ በዕድሜህ የሚስቁብህ ቢኖሩ ደብተርህን አትጠፍ። ዘግይተህ መጥተሃል፤ ሩጫው ግን ገና አላለቀም።