ጆን ብራውኒንግና የአዳኝ የጠመንጃ ምርጫ

በጊኒር፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ያለፈው ትውልድ ጠመንጃን የሚጠራው ብዙ ጊዜ በሠሪው ወይም በተሠራበት አገር ስም ነበር። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች በሽለላውና በፉከራው ገብተው የቋንቋችን ሀብት ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል ቤልጅግ የተባለው፣ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ አጠገብ በኤርስታል ከሚገኘው ከፋብሪክ ናሲዮናል የመጣው ማውዘር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚሁ ፋብሪካ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸውን ጠመንጃዎች አስመጥቶ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ የሰባ አንድ ዓመት አሜሪካዊ በሥራ ላይ እንዳለ ሕይወቱ አለፈች። ይህ ሰው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ነው።

ማውዘሩ የእርሱ ሥራ አልነበረም። ራሱን የሚያጎርሰውን የአደን ጠመንጃ ግን ለዓለም አዳኞች በሰፊው ያበረከተው እርሱ ነው። በባሌ ደጋ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ አጭርና ቀላል የሆነ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለእኛ ተራራና ቆላ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት የሠሪውን ሕይወትና ሐሳብ መመርመር ይጠቅማል።

ብራውኒንግ የተወለደው በ1855 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) በዩታ ግዛት፣ በኦግደን ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ስለ ነበር፣ ልጁ ያደገው በመዶሻና በሞረድ ድምፅ መካከል ነው። ቤተሰቡ ሲያወራው እንደ ኖረ፣ ገና በአሥር ዓመቱ ከአባቱ ጥራጊ ውስጥ ያነሣውን አሮጌ አፈሙዝ ከእንጨት ጋር አጋጥሞ ጠመንጃ ሠራ፤ ከወንድሙ ከማት ጋርም ሜዳ ወጥቶ ለምሳ የሚሆኑ ወፎች ገደለ። ከፍ ያለ ትምህርት አልተማረም። በኋላም ቢሆን አንድ መሣሪያ በአእምሮው ውስጥ ተጠናቅቆ ካልታየው በቀር ብረት መቁረጥ አይጀምርም ነበር፤ ከወረቀት ላይ ንድፍ ይልቅ በእጁ የሚዳስሰውን ናሙና ያምን ነበር።

በ1879 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ይህም አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ ጠመንጃ የተሰጠ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ከዊንቸስተር ኩባንያ የተላኩት ሰው ኦግደን ድረስ መጥተው መብቱን በ8,000 ዶላር ገዙት። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያህል የብራውኒንግ ሐሳብ በዊንቸስተር ስም ሲሠራ ኖረ። በ1886፣ በ1892 እና በ1894 የወጡት በእጅ ማንሻ የሚያጎርሱ የታወቁ የአደን ጠመንጃዎች ሁሉ የእርሱ ፈጠራዎች ናቸው።

በ1889 አካባቢ የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ ትንሽ ነገር አየ። በኦግደን የተኩስ ልምምድ ላይ አንድ ሰው ሲተኩስ፣ ከአፈሙዙ የወጣው የባሩድ ጋዝ ከፊት ለፊት ያለውን ሣር ሲያጎነብሰው ተመለከተ። ሣሩን ብዙዎች አይተውታል፤ ብራውኒንግ ግን ያየው በከንቱ የሚባክን ኀይል ነበር። ቤቱ ተመልሶ ከወንድሞቹ ጋር በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ሙከራ አደረገ። የባሩዱን ኀይል ሠርቆ ቀለሁን የሚያወጣና አዲሱን ጥይት የሚያጎርስ መሣሪያም ሠራ።

ይህ ሐሳብ ወደ አደን ሲመጣ ፈላጊ ለማግኘት ብዙ አንከራተተው። ራሱን የሚያጎርሰውን የወፍ ጠመንጃ ይዞ በ1902 ወደ ዊንቸስተር ሄደ፤ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ እንዲሰጠው ቢጠይቅ ኩባንያው እምቢ አለ። ወደ ሬሚንግተን ሄዶ የኩባንያውን ሹም ለማነጋገር ደጅ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በድንገተኛ የልብ ሕመም ማረፋቸው ተነገረው። ብራውኒንግ ተስፋ ሳይቆርጥ ናሙናውን ጠቅልሎ በመርከብ ወደ ቤልጅግ ተጓዘ። በኤርስታል የተሠራው ይህ የወፍ ጠመንጃ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሲመረት ኖሯል።

ባለ አንድ እርሳሱን የአደን ጠመንጃ ግን ሬሚንግተን ራሱ በ1906 ለገበያ አወጣው፤ በኋላም ሞዴል 8 ተባለ። በዚህ ጠመንጃ ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው እንደ ተቆላለፉ በአንድ ሽፋን ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከዚያ አፈሙዙ በሞላ ኀይል ቀድሞ ይመለሳል፤ ቀለሁ ይወድቃል፤ መዝጊያው በመጨረሻ ሲመለስ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኮሳል። ካዝናው አምስት ጥይት የሚይዝ ሲሆን ክብደቱ ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል ነበር። ጥይቶቹ ለጫካና ለቅርብ ርቀት የታሰቡ ነበሩ።

በ1914 ደግሞ ፋብሪክ ናሲዮናል የብራውኒንግን ትንሹን ባለ 22 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ማምረት ጀመረ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ያለ ምንም መሣሪያ ለሁለት ይፈታል፤ አሥራ አንድ ያህል ጥይቶቹ የሚቀመጡት በሰደፉ ውስጥ ነው፤ ቀለሁም ወደ ታች ስለሚወድቅ የተኳሹን ፊት አይነካም። ለጥንቸልና ለቆቅ አደን የተሠራው ይህ ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በኋላም በአጭርነቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ይህንን የሠራ እጅ የጦር ሜዳውንም መሣሪያ ሠርቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ላይ በመጣ ጊዜ መትረየሱንና አውቶማቲክ ጠመንጃውን ለመንግሥቱ የሸጠው፣ በድርሻ ቢከፈለው ሊያገኝ ይችል ከነበረው እጅግ ባነሰ በ750,000 ዶላር ነው። በኖቬምበር 1926 በኤርስታል ፋብሪካ፣ በልጁ በቫል ቢሮ ውስጥ ልቡ ደክሞ ሲያርፍ፣ 128 የፈጠራ መብቶችን ትቶ ነበር። ባሌም ከ1963 እስከ 1970 በዘለቀው የገበሬዎች አመፅ ጊዜ ጠመንጃ ከሰው ላይ ሲነጣጠር ምን እንደሚያስከትል አይታለች። ስለዚህ በዚህ አገር መሣሪያ የሚይዝ አዳኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ማውጣቱን እንደ ወረቀት ሥራ ብቻ ሊቆጥረው አይገባም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ከጊኒር በታች ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ከርከሮ የሚገኘው በቅርብ ርቀት ነው፤ እዚያ አጭር ጠመንጃ ቅርንጫፍ አይዝም፣ ቶሎ ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ሁለተኛውም ጥይት በፍጥነት ይደርሳል። ብራውኒንግ ሞዴል 8ን ያሰበውም ለእንደዚህ ያለው ስፍራ ነበር። ከጎባ በላይ ግን ጽዱና ኮሶው አልቆ አስታው ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ሳይንስ በ1910 ስሙን የሰጠው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ነው። ብዙ ጊዜም ከሸለቆ ማዶ ይታያል። ባለ 22ቱን ለዚህ ማሰብ ነውር ነው፤ የ1906ቱም ጥይት ለዚያ ርቀት ጉልበት ያንሰዋል።

የልጅ ልጁ ብሩስ ብራውኒንግ በ1967 ያወጣው ከፊል አውቶማቲክ ጠንካራ ጥይቶችን ስለሚተኩስ የጉልበቱን ጉድለት አስወግዷል። የቀረው ጉድለት ከብረቱ ሳይሆን ከተኳሹ ነው። ቃታውን በእጁ የሚጎትት አዳኝ፣ ሁለተኛው ጥይት ጊዜ እንደሚወስድ ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን አጥብቆ ያነጣጥራል፤ ጠመንጃው ራሱ የሚያጎርስለት ግን በሁለተኛው ተማምኖ የመጀመሪያውን ሊያቻኩል ይችላል። ቆስሎ አስታ ውስጥ የገባ አጋዘን ደግሞ ጉም ሲወርድ አይገኝም፤ ለአዳኙም፣ ለአገሩም፣ ለዘሩም ከንቱ ጥፋት ነው። በዚህ ላይ የባሌ ብርድ ዘይትን ያወፍራል፣ የበጋው አቧራም በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ከፊል አውቶማቲክ የሚይዝ ሰው በየማታው ፈትቶ ለመጥረግ መትጋት አለበት።

ስለዚህ ምርጫው ከጠመንጃው ሳይሆን ከስፍራው፣ ከእንስሳው እና ከራስ ችሎታ ይጀምር። ለቆላው ቁጥቋጦ አጭሩ ከፊል አውቶማቲክ መልካም ጓደኛ ነው። ለደጋው አጋዘን ግን፣ በተለይ እንግዳ አዳኝ ለሚመራ ባልደረባ፣ ባለ ቃታው ጠመንጃ አሁንም የሚመረጥ ነው። ብራውኒንግ የሚባክነውን የባሩድ ጋዝ አይቶ ከብክነት አዳነው፤ ከእርሱ ሥራ የምንጠቀም እኛም የእንስሳውን ሕይወት ከብክነት ማዳን ይጠበቅብናል።