ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከጎል አግቢነት እስከ አፍሪቃ ሸንጎ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ሲቃረብ የጣራ ገዳምን ደንና ወደ ጣና የሚዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ያያል። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ በዚያ ሜዳ ላይ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያሯሩጡ ማየት የተለመደ ነው። ጨዋታቸውን ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ይገነዘባል። አንደኛው፣ ጎል ያገባው ልጅ ምስጋናውን ሁሉ ጠቅልሎ መውሰዱ ነው። ሁለተኛው፣ ማን ይጫወት ማን ይቅር ብሎ የሚወስነው የኳሱ ባለቤት መሆኑ ነው፤ እሱ ተቆጥቶ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ከሄደ ጨዋታው ይፈርሳል። ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምንተርክላቸው ሰው በወጣትነታቸው ጎል በማግባት የተመሰገኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው በሕግ እንጂ በኳሱ ባለቤት ፈቃድ እንዳይመራ ሲታገሉ የኖሩ ናቸው። እኒህም ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው ስመ ጥር የነበሩት፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። አባት በቃል ችሎታቸው የሕዝብን ጆሮ እንደ ሳቡ፣ ልጅ ደግሞ በእግራቸው የሕዝብን ዓይን ለመሳብ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ተመሠረተ። ወጣቱ ይድነቃቸውም የዚሁ ክለብ አጥቂ ሆኑ። ነገር ግን ክለቡ ገና እግሩን ሳይተክል የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የወራሪው መንግሥት ነጭና ጥቁር በአንድነት እንዳይኖሩ፣ በአንድነትም እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ የክለቡንም ስም ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሰኘው። እንግዲህ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያልሞላው አጥቂ፣ የሰው ቆዳ እየታየ ሜዳ ሲከፈልና የገዛ ክለቡ ስም በባዕድ ሲለወጥ በዓይኑ አየ ማለት ነው። የኋላ ዘመን ሥራቸውን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ጊዜ ሊዘነጋው አይገባም።

ከነፃነት በኋላ ክለቡ ጥንታዊ ስሙን መልሶ ያዘ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የአርመኖች ቡድን አራራት፣ የግሪኮች ኦሊምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶ፣ እንዲሁም የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነዚህ ሁሉ ጋር ሲጋጠም የሚያየው ሕዝብ ውጤቱን እንደ ተራ ጨዋታ ብቻ አይቆጥረውም ነበር። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ 23 ዓመት ሙሉ ለአንድ ክለብ ብቻ ተሰለፉ። በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎሎችን አገቡ፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫወቱ። ይህ ቁጥር ለማንኛውም አጥቂ የሚያኮራ ነው። ሰውየው ግን ጫማቸውን ሳይሰቅሉ ገና የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ጀምረው ነበር፤ የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙትና ካደራጁት ሰዎች አንዱ ናቸው። ቀን በወረቀትና በደብዳቤ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ መዋል ለእሳቸው የተለያየ ሥራ አልነበረም።

በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች የአፍሪቃን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት በካርቱም ተሰበሰቡ። ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ሊጀመር ታስቦ ነበርና አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። የደቡብ አፍሪቃ ማኅበር ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅሎ አንድ ቡድን ለመላክ እምቢ አለ። አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩን እንዲያስተውል እንለምናለን። መሥራቾቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ከወጣ ማኅበሩ ገና ሳይቆም ሩቡ ጐደለ ማለት ነው። ቢሆንም ሦስቱ አገሮች ከመርሕ የጐደለ ማኅበር ይልቅ በቁጥር የጐደለ ማኅበር መረጡ። ደቡብ አፍሪቃ ከውድድሩ ወጣች፤ ዋንጫውም በሦስት ቡድን ብቻ ተካሄደ። ከደቡብ አፍሪቃ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰች፤ በዚያም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ዕዳው ተከፈለ። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይጫወት ነበር። የዘር ልዩነት ሜዳ ሲከፍል ያዩት ሰው ያሠለጠኑት ቡድን እንዲህ ያለ ነበር። በጥር 13 ቀን ከግብጽ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም ኢትዮጵያውያን አቻ አደረጉ። ሁለተኛውን የአቻነት ጎል ያገባው አምበሉ ራሱ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ረክቶ በተቀመጠ ነበር። ዳሩ ግን የዓለም እግር ኳስ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚያሳይ ነገር ወዲያው መጣ። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት የተመደበላቸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አፍሪቃውያን ይህን ባለመቀበል በሙሉ ከማጣሪያው ቀሩ። ይህም ድካም ፍሬ አፈራ፤ በ1962 ዓ.ም. አፍሪቃ የራስዋን አንድ ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። አቶ ይድነቃቸው ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሥራ አስፈጻሚ አባል ስለ ነበሩ ክርክሩን በዚያው በባለቤቶቹ ቤት ውስጥ ሆነው ቀጠሉ።

በ1964 ዓ.ም. የአፍሪቃ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 15 ዓመት በዚሁ ሥልጣን ቈዩ። በካርቱም የተጀመረው የደቡብ አፍሪቃ ጉዳይ በሳቸው ዘመን ዳር ደረሰ። የአፓርታይዱን ማኅበር በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውስጥ ለማቈየት የደከሙት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በ1966 ዓ.ም. ምርጫ በብራዚላዊው ዦአኦ አቬላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪቃ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪቃ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። በሦስት አገሮች የተጀመረው እምቢታ የዓለም ሕግ ለመሆን 19 ዓመት ፈጀ። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫም የአፍሪቃ ቦታ ወደ ሁለት ከፍ አለ።

የሰው ሥራ ሁሉ እንዳሰበው እንደማይሆን ግን መሸሸግ አይገባንም። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪቃ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮጳ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ አህጉሪቱ ለሌሎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ብቻ ሆና ትቀራለች ብለው ይሠጉ ነበርና። በዚህ ረገድ ዘመኑ አልሰማቸውም። የዛሬዎቹ ታላላቅ የአፍሪቃ ቡድኖች በአውሮጳ በሚጫወቱ ልጆቻቸው የቆሙ ናቸው። ቢሆንም በየአገሩ የሚካሄደውን የውስጥ ውድድር ባዶ ወንበር ሲያይ፣ ሥጋታቸው ከንቱ ነበር የሚል ደፋር ማን ነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የገዛ አገራቸው ነገር ነው። እሳቸው በፕሬዚዳንትነት ሳሉ ከ1966 እስከ 1978 ዓ.ም. ሰባት የአፍሪቃ ዋንጫዎች ተካሄዱ፤ ኢትዮጵያ የተካፈለችው በሁለቱ ብቻ ነበር። አንዱን፣ የ1968ቱን፣ አዘጋጅ ስለ ነበረች ነው፤ ሁለተኛው የ1974ቱ ነው። ከዚያ በኋላ መሥራቿ አገር እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ቀረች። የኢትዮጵያ ልጅ በወንበሩ ላይ መቀመጣቸው ለኢትዮጵያ ቡድን ቦታ አላስገኘም። ይህ ለደጋፊ መራራ ነው፤ ለባለሥልጣን ግን ትልቅ ምስክርነት ነው። ለወዳጅ የሚጣመም ሕግ ለጠላትም እንደሚጣመም የተረዳ ሰው ብቻ እንዲህ ያለውን ምሬት ዝም ብሎ ይውጣል።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪቃ በአንድ ቡድን፣ ነጭና ጥቁር ሳትለይ ወደ አፍሪቃ ሜዳ ስትመለስ ለማየት አልታደሉም።

ተማሪዎችና በመሥሪያ ቤት ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት የምትወስዱት ትምህርት ያለ ይመስለናል። 318 ጎል ያጨበጨበለት ሕዝብ ነበረው፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የደንብ አንቀጽና የድምፅ ቆጠራ ግን አጨብጫቢ የላቸውም። ነገር ግን የፎገራ ልጅ ዛሬ በጨርቅ ኳሱ ሲጫወት፣ ቆዳው ጥቁር ነው ተብሎ ከዓለም ሜዳ እንዳይመለስ ያደረገው ይኸው አጨብጫቢ የሌለው ሥራ ነው።