ድሜጥሮስ፤ ከወይን አትክልት እስከ ባሕረ ሐሳብ

በኮዬ ፈጬ ከምንማረው ብዙዎቻችን ሒሳብ ሲነሣ እንፈራለን። ምክንያቱ አንዱ ትምህርት በሌላው ላይ የሚቆም መሆኑ ነው። በ9ኛ ክፍል ኢኩዌሽንን ያልጨበጠ በ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ይከብደዋል፤ ፋንክሽንን ያላወቀም በ12ኛ ክፍል ዴሪቬቲቭ ላይ ሲደርስ መግቢያው ይጠፋበታል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ስለ ነበርሁ፥ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ከታችኛው ደረጃ የጀመረውን የድሜጥሮስን ታሪክ በዚህ መጽሔታችን ለመጻፍ ወደድሁ።

ድሜጥሮስ የግብፅ ሰው ሲሆን ሥራው ወይን መኰትኰት ነበረ። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ገበሬ እንደ ነበረም ይተረካል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ፥ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው በመንበሩ እንደሚተካ በራእይ ተነገረው ይባላል። ድሜጥሮስም ያለ ወራቱ ያፈራ ወይን ይዞ መጣ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ገደማ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ነበረ ይባላል። ሆኖም ትምህርትን ሳያፍር ከመጀመሪያው ያዘ።

በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን አያከብሩም ነበር። ድሜጥሮስ በዓላቱ ከተመደበላቸው ዕለት እንዳይወጡ በመሻት፥ በሌሊት 23 ሱባዔ፥ በቀን 7 ሱባዔ እንደ ያዘ የአገራችን ሊቃውንት ያስተምራሉ። አንዱ ሱባዔ 7 ነውና 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። 11ዱ ቁጥር የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከጨረቃ ዓመት 354 ቀን የሚበልጥበት ነው። የ19 ዓመቱን ዑደት ግን የግሪኩ ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አሳውቆት ነበርና፥ ባሕረ ሐሳብም ከቀድሞ ሰዎች ዕውቀት በላይ የተሠራ ነው።

ደረጃውን በ2018 ዓ.ም. እንመልከት። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፥ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 ናቸው። መስከረም 18 እሑድ ነበረ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ወንበሩን የሳተ ሰው ግን የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢያሰላም ፋሲካን አያገኘውም።

ድሜጥሮስ በመንበሩ 43 ዓመት ያህል ኖሮ በ105 ዓመቱ ዐረፈ ይባላል። መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ነው።

እኔም ታሪኩን ከተረዳሁ ወዲህ የ9ኛ ክፍል መጽሐፌን እንደገና ገለጥሁ። በመጀመሪያ ከታናናሾቼ ጋር አንድ ገጽ ማንበብ አሳፍሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ወንበሬን የሳትሁት እዚያ ላይ መሆኑን አገኘሁት። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የጎደለንን ደረጃ ተመልሰን ለመሥራት አንፈር።