ምሎ የዘገበ ምስክር፦ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በላስታ

የሐሰተኛ መረጃ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ባሳሳታቸው ሰዎች ብዛት ነው። በእውነተኛው ምስክር ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን እምብዛም አይጠናም። ይህ አጭር ጽሑፍ ላሊበላን ለአውሮፓ አንባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የገለጸውን ፖርቱጋላዊ ካህን፣ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልቫሬዝ የንጉሥ ቀዳማዊ ማኑኤል የቤተ መንግሥት ካህን ነበር። በዘመኑ አውሮፓ ኢትዮጵያን የምታውቀው በአብዛኛው በቄስ ዮሐንስ አፈ ታሪክ አማካይነት ነው። ይህ ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ ለቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ጻፈው የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብዙ ቋንቋዎች እየተገለበጠ ተሰራጭቷል። እውነተኛው መልእክተኛ ሲመጣ ግን የጠበቀው ጥርጣሬ ነው። እቴጌ እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1512 ሕንድ ሲደርስ አንዳንድ ፖርቱጋላውያን አስመሳይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ወደ ሊዝበን ሲጓዝም በመርከብ ላይ አንገላቱት። በ1514 ሊዝበን ሲገባ ግን ንጉሡ በክብር ተቀበለው።

አልቫሬዝ በ1515 ከማቴዎስ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተነሣ። የልዑኩ መሪ ዱዋርቴ ጋልቫኦ በ1517 በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት በመሞቱ ጉዞው ዘገየ። በሮድሪጎ ዴ ሊማ የተመራው ልዑክ ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። ካህኑ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገሪቱ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ሁሉ መዘገበ።

በላስታ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በየስማቸው ለይቶ፣ ስፋታቸውን፣ አዕማዳቸውንና መስኮቶቻቸውን ገለጸ። ሆኖም ከዐለት የተፈለፈለ ሕንጻ መኖሩን የአገሩ ሰው እንደማያምነው ተረዳ። ስለዚህ የጻፈው እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ማለ፤ ሐሰተኛ እንዳይባል በመስጋትም ብዙ ነገር ሳይጽፍ መተዉን አስታወቀ። እዚህ ላይ አለመታመን አንባቢን ብቻ ሳይሆን ዘገባውንም ጎዳ።

መሐላው ግን ለሰማው ነገር ሁሉ ዋስትና አልነበረም። ሥራው በ24 ዓመት መጠናቀቁንና የሠሩትም ነጮች መሆናቸውን የጻፈው እንደ ተነገረው አድርጎ ነው። ይህ ወሬ ቆይቶ አብያተ ክርስቲያናቱን የውጭ ሰዎች ሠሯቸው ለሚለው አስተያየት መደገፊያ ሆነ። በአንጻሩ በዚያው በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንጻ እና የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአክሱም የተወረሰ አገር በቀል የግንባታ ጥበብ መኖሩን ይመሰክራሉ። ዘጋቢው ያየውንና የሰማውን ቢለይም ጥቂት የማይባሉ ተቀባዮቹ ልዩነቱን ዘነጉት።

አልቫሬዝ በ1526 ከልብነ ድንግል መልእክተኛ ከጸጋ ዘአብ ጋር ከምጽዋ ተነሥቶ በ1527 ሊዝበን ገባ። በ1533 የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤዎች ቦሎኛ ላይ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ሰባተኛ አቀረበ። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ውስጥ ሲታተም ስለ ቄስ ዮሐንስ አገር እውነተኛ መረጃ የሚል ርእስ ተሰጠው። በርእሱ ውስጥ እውነተኛ የሚለው ቃል ማስፈለጉ የዘመኑ ወሬ ምን ያህል አመኔታ እንዳጣ ያሳያል። ለዛሬ ተመራማሪ የሚተርፈው ትምህርትም ምስክርን ማመን የነገረንን ሁሉ በአንድ ሚዛን መቀበል አለመሆኑ ነው።