የሰማይ ፈጣሪና ኦኔሲሞስ ነሲብ

አንባቢ ሆይ፥ በሌሎች ዓለማት ሕያዋን ቢገኙ ሃይማኖታችን ይናወጣልን ብለህ ብትጠይቅ፥ የኢሉባቦርን ልጅ የኦኔሲሞስ ነሲብን ሥራ ተመልከት።

እርሱ ከመቱ አጠገብ በሁሩሙ በ1856 ገደማ (በፈረንጅ አቈጣጠር) ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ፥ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ነጥቀው ለባርነት ሸጡት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፥ በዚያም በ1870 ነጻ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ በ1872 ተጠመቀ።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ግን ጭንቅ ነገር ገጠመው። ዋቃ የሚለው ቃል ሰማይንም እግዚአብሔርንም ይጠራል፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግን ገና ሲጀምር ሰማይ ራሱ የተፈጠረ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ፈጣሪውን ከፍጥረቱ መለየት ግድ ሆነበት፤ እግዚአብሔርንም ዋቃዮ ብሎ ጻፈ። ይህን እንደ ቀላል አንቍጠረው። ሰማይ ፍጥረት ከሆነ፥ በማርስም ሆነ በሩቅ ከዋክብት ዘንድ የሚኖር ቢኖር (እስከ ዛሬ ያገኘ የለም) የዚያው ጌታ ፍጡር ነው። መጽሐፉ ስለ እነዚያ ዝም ብሏል፤ ተርጓሚውም አንዳች አልጨመረበትም።

በቋንቋው ሥራ አስቴር ጋኖ ረዳችው። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ኦኔሲሞስም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ብዙ ክስና መከራ እየታገሠ አስተማረ፤ በ1931 በነቀምቴ ዐረፈ።