ካርል ፌርዲናንድ ብራውን፦ አንቴናን ሳያዞሩ ሞገድን ማዞር

በጉዞ ላይ ላለ ተሽከርካሪ በሽቦ አልባ መንገድ ብዙ መረጃ ማድረስ ሲያስፈልግ መሐንዲሶች ከፍተኛ ድግግሞሽን ይመርጣሉ። በ28 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 1 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎችን በአንድ ገበታ ላይ ደርድሮ ኃይሉን በቀጭን ጨረር መሰብሰብ ይቻላል። ችግሩ ተሽከርካሪው የማይቆም መሆኑ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከመንገዱ 20 ሜትር ርቆ በተተከለ ምሰሶ ፊት ሲያልፍ፣ 10 ዲግሪ ስፋት ያለው ጨረር በላዩ ላይ የሚቆየው የሰኮንድ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። አንዱን መኪና አንቴናውን በሞተር እያዞሩ መከተል ቢቻል እንኳ፣ በየአቅጣጫው ከሚሮጡት ከአንዱ ወደ ሌላው በቅጽበት መዝለል ግን ለከባድ ብረት የሚሞከር አይደለም። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን መርሕ አስቀድመው በተግባር ከፈተኑት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፌርዲናንድ ብራውን ነው።

ብራውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሰኔ 6 ቀን በፉልዳ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በማርቡርግና በበርሊን ተምሮ በ1872 ስለ ክሮች ንዝረት ባቀረበው ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። በ1874 በላይፕሲግ የትምህርት ቤት መምህር ሳለ፣ ብረት ከአንዳንድ የሰልፈር ማዕድናት ጋር ሲነካካ የኤሌክትሪክ ጅረት በአንድ በኩል በቀላሉ እንደሚያልፍ፣ በተቃራኒው ግን እንደሚታገድ ደረሰበት። ግኝቱ በጊዜው ጥቅም አልተገኘለትም፤ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ግን የሬዲዮ ሞገድ መቀበያ ክሪስታል ሆነ። በ1895 የስትራስቡርግ የፊዚክስ ተቋም ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ በ1897 የካቶድ ጨረር ቱቦውን ለዓለም አስተዋወቀ። የኦሲሎስኮፕና ለብዙ ዓመታት በየቤቱ የነበረው ቴሌቪዥን አባት የሆነውን ይህን መሣሪያ የባለቤትነት መብት ሳያወጣለት በይፋ አሳተመው።

በ1898 ወደ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ፊቱን መለሰ። የማርኮኒ ማሰራጫ የኤሌክትሪክ ብልጭታውን በቀጥታ ከአንቴናው ጋር ያያያዘ ስለነበር ኃይሉ ቶሎ ይከስም ነበር። ብራውን የብልጭታውን ዑደት ከአንቴናው ለይቶ በጥቅል ሽቦ አማካይነት ስላገናኛቸው ሞገዱ ጠንካራና ዘላቂ ሆነ።

ሆኖም ሞገዱ በየአቅጣጫው ስለሚበተን አብዛኛው ኃይል ይባክናል። አጭር ሞገድን በመስተዋት መሰብሰብ ቢቻልም፣ በመቶ ሜትሮች ለሚለካ ሞገድ የሚበቃ መስተዋት መሥራት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ብራውን በ1905 በስትራስቡርግ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ሦስት አንቴናዎችን በእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ ተከለና አንደኛውን ከሁለቱ በሩብ የሞገድ ዑደት እንዲለይ አደረገ። ባለሙያዎች የፌዝ ልዩነት የሚሉት ይኸው ነው። ሞገዶቹ በአንድ በኩል ሲደጋገፉ በተቃራኒው ይዳከማሉ። የአንቴናዎቹን ድርሻ በማብሪያ ማጥፊያ ሲያቀያይር፣ አንድም ምሰሶ ሳይነቃነቅ ጠንካራው አቅጣጫ ዞረ። ሩብ ዑደቱን በትክክል መጠበቅ ከባድ ነበር፤ ለዚህም በተቋሙ ይሠሩ የነበሩት ማንደልሽታምና ፓፓሌክሲ ዘዴ አበጁለት።

ብራውን በ1909 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከማርኮኒ ጋር ተካፈለ። የመጨረሻው ዘመኑ ግን በሰላም አላለፈም። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ ጀመረ፣ በኒውዮርክ አቅራቢያ በሴይቪል የነበረው የጀርመን ማሰራጫ ጣቢያ በፈጠራ መብት ክስ ስለ ቀረበበት፣ ጤናው የታወከው ሊቅ ለመመስከር ውቅያኖስ ተሻገረ። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱን ስትቀላቀል የመመለሻው መንገድ ተዘጋ፤ ሚያዝያ 20 ቀን 1918 በብሩክሊን አረፈ። መብት ሳይጠይቅበት ቱቦውን ለሁሉም የሰጠ ሰው በመብት ክርክር ምክንያት ከአገሩ ርቆ መሞቱ የሚያሳዝን ነው።

ዛሬ በየምሰሶው የሚሰቀሉት ገበታዎች የብራውንን ሥራ በብዙ አንቴናዎች ይደግሙታል፤ የእያንዳንዱን ፌዝ የሚወስነው ግን የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ነው። ጣቢያው እስከ 64 በሚደርሱ አቅጣጫዎች ተራ በተራ የመለያ ምልክት ይልካል፤ በመኪናው ያለው መቀበያ ከሁሉ የጠነከረውን ለይቶ ያሳውቃል፤ ጣቢያውም ጨረሩን ወደዚያ ያዞራል። መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወይም የጭነት መኪና መካከል ሲገባ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል፤ ፍለጋውም ራሱ ለመልእክት ሊውል የሚችል ጊዜን ይበላል። በስትራስቡርግ ሙከራ አቅጣጫውን የሚመርጠው ተመራማሪው ራሱ ነበር። ጨረሩን ያለ ብረት ማዞር ከመቶ ዓመት በፊት ተሳክቷል፤ ለዛሬው መሐንዲስ የቀረው ከባድ ሥራ የሚሮጠው መኪና በሚቀጥለው ቅጽበት የት እንደሚገኝ፣ ጨረሩ ከማምለጡ በፊት ማወቅ ነው።